ጨው፣ ድርቅና የመኖ ጥራጥሬ፤ ከአውስትራሊያ የእርሻ ታሪክ የተገኘ ትምህርት

የጥራጥሬ ወገን የሆኑ ተክሎች የተዘሩበትን መሬት እንደሚያዳብሩ ገበሬዎች ከጥንት ጀምሮ ያውቁ ነበር። ምክንያቱ ግን እስከ 19ኛው ምዕተ ዓመት መጨረሻ ድረስ ተሰውሮ ቆይቷል። እ.ኤ.አ. በ1886 ሄልሪገልና ቪልፋርት የተባሉ ጀርመናውያን ሊቃውንት እነዚህ ተክሎች በሥራቸው ላይ በሚታዩት እባጮች አማካይነት የአየሩን ናይትሮጂን እንደሚጠቀሙበት አስታወቁ። በ1888ም ሆላንዳዊው ቤይየሪንክ በእባጮቹ ውስጥ የሚኖረውን ባክቴሪያ ለይቶ ለማራባት ቻለ። ከዚያ ወዲህ የመኖ ጥራጥሬ ጥናት የተክሉ ብቻ ሳይሆን የተክሉና የባክቴሪያው ሽርክና ጥናት ሆነ። ይህ ሽርክና በድርቅና በጨው ፊት ክፉኛ ከተፈተነባቸው አገሮች አንዷ አውስትራሊያ ናት።

በ1889 አሞስ ሃዋርድ የተባለ ገበሬ በደቡብ አውስትራሊያ፣ በማውንት ባርከር አካባቢ፣ ከሜዲትራንያን አገሮች ሳይታሰብ የገባ አንድ ዓይነት ክሎቨር አስተዋለ። ተክሉ በእኛ አገር ማገጥ ከሚባለው ጋር የአንድ ወገን ሲሆን፣ ፍሬውን ራሱ አፈር ውስጥ ስለሚቀብር ደረቁን በጋ በዘር መልክ ያልፈዋል። ሃዋርድ ከ1906 ጀምሮ ጥቅሙን በጋዜጣ አስታወቀ። ክሎቨሩም ከሱፐርፎስፌት ማዳበሪያ ጋር በደቡባዊው አውስትራሊያ ተስፋፋ፤ በጎችን መገበ፤ ናይትሮጂን ላነሰው የስንዴ መሬትም ለምነት ሰጠ።

ሆኖም ከመሬቱ በታች ሌላ ችግር ይጠራቀም ነበር። በ1924 ደብልዩ ኢ. ውድ የተባለ የምድር ባቡር መሐንዲስ በምዕራብ አውስትራሊያ የተፈጥሮው ደን በተመነጠረበት ሥፍራ ሁሉ የወንዙና የአፈሩ ጨው እንደሚጨምር በጽሑፍ አስረዳ። ጉዳዩ በቅርብ ይነካው ነበር፤ የእንፋሎት ባቡር ጨው የሌለበት ውሃ ይሻልና። ምክንያቱም ይህ ነው፤ ዝናብ ከባሕር ይዞት የሚመጣው ጥቂት ጨው በብዙ ሺህ ዓመታት ውስጥ በከርሰ ምድር ተከማችቷል። ሥረ ጥልቅ የሆኑት ባሕር ዛፎች የዝናቡን ውሃ አብዛኛውን ስለሚጠጡት ጨው ባለበት ተቀምጦ ኖረ። በዛፎቹ ምትክ የተዘሩት ስንዴና ዓመታዊ ግጦሽ ግን ሥራቸው አጭር፣ ዕድሜያቸውም የአንድ ወቅት ነው። ስለዚህ የተረፈው ውሃ ወደ ታች ሰረገ፤ የከርሰ ምድሩ ውሃ ከፍ አለ፤ ጨውንም ይዞ ወደ ላይ ወጣ። በዚህ ሁኔታ በምዕራብ አውስትራሊያ ብቻ ከአንድ ሚሊዮን ሄክታር በላይ መሬት ተጐድቷል። መሬቱን በናይትሮጂን ያዳበረው ዓመታዊ ክሎቨርም ለጨው መውጣት የበኩሉን አስተዋጽዖ አድርጓል ማለት ነው።

ጨው በደረሰበት ቦታ አስቀድሞ የሚጐዳው ይኸው ሽርክና ነው። ማስና ሆፍማን በ1977 ባወጡት ሰንጠረዥ፣ የአፈሩ ጨዋማነት ለክሎቨር ከ1.5፣ ለአልፋልፋ ከ2 ዴሲሲመንስ በሜትር ሲያልፍ ምርት መቀነስ ይጀምራል፤ ገብስ ግን እስከ 8 ይታገሣል። ባክቴሪያው ለብቻው ሲሆን ብዙውን ጊዜ ተክሉን ከሚጐዳው የሚበልጥ ጨው ይቋቋማል። ጉዳቱ የሚብሰው ሁለቱ በሚገናኙበት ደረጃ ላይ ነው፤ የሥሩ ፀጉሮች በሚገባ አይጠቀለሉም፤ የሚወጡት እባጮችም ያንሳሉ። ድርቅ ደግሞ ከቅጠል ወደ እባጭ የሚወርደው ስኳር ሥራ ላይ እንዳይውል ያደርጋል፤ ኦክሲጅንም እንደ ልብ እንዳይገባ ያግዳል። በዚህም የተነሣ ቅጠሉ ገና ለምለም ሳለ የናይትሮጂኑ ሥራ ሊቆም ይችላል።

ከዚህ ሁሉ ግልጹን ትምህርት የሰጠው መሲና የተባለው የመኖ ተክል ነው። ጨውንም ውሃ መተኛትንም ስለሚችል ለጨዋማ ሜዳዎች ታጨ። በሙከራው በመጀመሪያው ዓመት በተለመደው ባክቴሪያ ታሽቶ ሲዘራ መልካም በቀለ፤ በሁለተኛው ዓመት ከወደቀው ዘር የበቀለው ግን እባጭ አጥቶ ተገኘ። በደረቁ በጋ ጨው በአፈሩ ገጽ ላይ ስለሚበረታ ባክቴሪያው አልቆ ነበርና። ተመራማሪዎች ይህን የሚቋቋም ሌላ የባክቴሪያ ዘር ፈልገው መረጡ፤ ኔፕቱን የተባለው የመሲና ዝርያም በ2017 ከባክቴሪያው ጋር ለገበሬ ቀረበ።

ይህ ታሪክ ለኢትዮጵያ ባለሙያዎች ሩቅ አይደለም። በመካከለኛው አዋሽ፣ በአሚባራ፣ ትርፉን ውሃ የሚያወጣ በቂ ቦይ ሳይኖር በመስኖ በለማው መሬት የከርሰ ምድር ውሃ ከፍ ብሎ የጥጥ ማሳዎች በጨው ተበላሽተዋል። በዚያ የውሃው ምንጭ የዝናብ ሳይሆን የመስኖ ነው፤ የጨው አወጣጥ ግን ይመሳሰላል። እንዲህ ላለው መሬት የመኖ ጥራጥሬ የሚመርጥ ባለሙያ ተክሉንና ባክቴሪያውን አንድ ላይ መፈተን ይኖርበታል፤ ፍርዱንም መስጠት የሚገባው ከመጀመሪያው ዓመት አዝመራ በኋላ ሳይሆን አንድ ደረቅ በጋ አልፎ የሁለተኛው ዓመት ሥር ተነቅሎ ከታየ በኋላ ነው።