ከጓሮ የተገኘው የዌልስ መንፈስ

አዲስ የእንስሳት ዝርያ ተገኘ ሲባል የብዙ ሰው አሳብ ወደ ሩቅ ደንና የሰው እግር ወዳልረገጠው ተራራ ይሄዳል። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ2008 ዓ.ም. ለሥነ ሕይወት ሊቃውንት የተገለጸው አንድ ዛጎል አልባ ቀንድ አውጣ ግን የተገኘው በዌልስ ዋና ከተማ በካርዲፍ፣ ከሰው ጓሮ ነው። ያውም እንስሳቷ ለብዙ ዘመን ሲመረመሩ በኖሩባት ብሪታንያ!

ፍጡሩ መልኩ እንግዳ ነው። አካሉ ነጭ ሲሆን ዓይን የለውም፤ ቀኑን በአፈር ውስጥ ተሸሽጎ ውሎ በሌሊት ይንቀሳቀሳል። አትክልተኞች እንደሚያማርሯቸው ቀንድ አውጣዎች ቅጠል አይበላም፤ እንደ ስለት በሾሉ ጥርሶቹ የመሬት ትል ይዞ ይውጣል። የዌልስ ብሔራዊ ሙዚየም ባልደረባ ቤን ሮውሰንና የካርዲፍ ዩኒቨርሲቲው ዊልያም ሲሞንድሰን የውስጥ አካሉን ከመረመሩ በኋላ «ሴሌኖክላሚስ እስብሪዳ» የሚል ስም ሰጡት። «እስብሪድ» በዌልስ ቋንቋ መንፈስ ማለት ነው።

ይሁን እንጂ ስሙ ጥያቄውን አልፈታውም። እስከዚያ ጊዜ ድረስ የታወቀው ዘመዱ የሚኖረው በካውካስና በቱርክ ምድር ነበርና፣ ይህኛውን ዌልስ ምን አመጣው? የመሬት ትል ለአፈር ልምላሜ ያለውን ጥቅም ለሚያውቅ ሰው ነገሩ ተራ አልነበረም፤ እንስሳው የት የት እንደሚገኝ ማወቅ ግድ ሆነ። ሁለት ሊቃውንት የአገሩን አፈር ሁሉ ሊቆፍሩ ስለማይችሉ ጥያቄው ለሕዝቡ ቀረበ። ጓሮአቸውን የሚኮተኩቱ ሰዎች ያዩትን ማስታወቅ ጀመሩ፤ እንስሳው ከካርዲፍ ውጭ በሌሎች የደቡብ ዌልስ ስፍራዎችና በእንግሊዟ ብሪስቶልም ተገኘ።

ከተገኘባቸው ቦታዎች የሚበዙት የሰው መኖሪያ አጠገብ ነበሩ። ይህም ከሌላ አገር በአፈር ወይም በተክል ተጭኖ የገባ ነው የሚያሰኝ ነው። እርግጥ ሰው አጥብቆ የሚያየው በሚኖርበት አካባቢ ያለውን ስለሆነ፣ ማስረጃው በጥንቃቄ መመዘን ነበረበት። በ2012 ዓ.ም. ግን የዩክሬኑ ተመራማሪ ኢጎር ባላሾቭ ዝርያው በክራይሚያ መገኘቱን ሲገልጥ ግምቱ በረታ። ከዚያ በፊት በዌልስ ጓሮዎች ያየው ሰው ቢኖር እንኳ፣ ቀለሙ የገረጣ ተራ ቀንድ አውጣ መስሎት በአካፋው ገለል አድርጎት አልፎ ይሆናል።