የሠርገኛው ፎቶግራፍ የማን ነው?

ሠርግ ካለፈ በኋላ ድንኳኑ ይነቀላል፤ የዕድሩ ድስትና ብርጭቆ ተቆጥሮ ይመለሳል፤ የተረፈው ለጎረቤት ይታደላል። በቶሎ የማይመለስ አንድ ነገር ቢኖር ሠርገኛው ያነሳው ፎቶግራፍ ነው። ሙሽሮቹ ተከፋዩ ባለሙያ ባዘጋጀው አልበም ተጽናንተው ይቀራሉ። ባለሙያው ግን ካሜራውን የሚያነጣጥረው በሙሽሮቹ ላይ ነው። ከጓሮ ወጥ የሚያማስሉትን እናቶች፣ በድንኳኑ ጥግ ጠላ የሚቀዳውን ጎረቤት፣ ሲመርቁ ዐይናቸውን የጨፈኑትን አያት ያነሳ ሰው ካለ እሱ ሠርገኛው ነው። እንግዲህ ይህን ፎቶግራፍ በትሕትና ጠይቆ መሰብሰብ ተራ ነገር ቢመስልም የቤተሰብ ታሪክ ጉዳይ ነው፤ የራሱም ታሪክ አለው።

ካሜራ ወደ ሠርግ ቤት የገባው ዘግይቶ ነው። የእንግሊዟ ንግሥት ቪክቶሪያ እ.ኤ.አ. በ1840 ስታገባ የዳጌር የፎቶግራፍ አሠራር ለሕዝብ ከተገለጸ ገና መንፈቅ ያህል ነበር። ስለዚህ የሠርጓ ዕለት ፎቶግራፍ የለም። ብዙ ጊዜ የሠርጓ እየተባለ የሚታየው ሮጀር ፌንተን በ1854 ያነሳው ነው፤ ሠርጉ ካለፈ ከ14 ዓመት በኋላ ማለት ነው። ፎቶግራፍ ማንሳት በዚያ ዘመን ከባድ መሣሪያና የኬሚካል ዕውቀት ይጠይቅ ስለነበር እንግዳ ሆኖ የሚበላና የሚጠጣ ሰው የሚሞክረው ሥራ አልነበረም።

ሠርገኛውን ፎቶ አንሺ ያደረገው አሜሪካዊው ጆርጅ ኢስትማን ነው። በ1888 ያወጣው የኮዳክ ካሜራ 100 ፎቶግራፍ የሚያነሳ ፊልም ተጭኖበት በ25 ዶላር ይሸጥ ነበር። ፊልሙ ሲያልቅ ካሜራው እንዳለ ወደ ፋብሪካው ተልኮ ሥዕሉ ይታጠባል። በ1900 ደግሞ ብራውኒ የተባለችው ካሜራ በ1 ዶላር ለገበያ ቀረበች። ከዚያ ወዲህ የአንድ ሠርግ ትዝታ በአንድ ባለሙያ እጅ ብቻ መሆኑ ቀረ። የሙሽሮቹም ጭንቀት «ማን ያነሳናል?» ከማለት «ማን ጋ ቀረ?» ወደ ማለት ዞረ።

ወደ አገራችን ስንመለስ፣ በ1868 እ.ኤ.አ. ወደ መቅደላ የዘመተው የእንግሊዝ ጦር ፎቶግራፍ አንሺዎችን አስከትሎ ነበር። በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን የመጣው አርመናዊው ቤድሮስ ቦያጂያን የቤተ መንግሥት ፎቶግራፍ አንሺ ሆነ፤ ልጆቹ ሃይጋዝና ቶኒም ሙያውን ወርሰው ቀጠሉበት። ካሜራ በየቤቱ እስኪገባ ድረስ ተራው ሰው በክት ልብሱ አጊጦ ፎቶ ቤት ይሄድ ነበር። ከዚያም ፎቶግራፉን ከጀርባው «ለማስታወሻ» ብሎ፣ ስሙንና ቀኑን ጽፎ ለወዳጁ ይሰጣል። ይህ ልብ ሊባል ይገባዋል፤ እኛ ዘንድ ፎቶግራፍ በእጅ የሚሰጥ፣ በክብር የሚቀበሉት ስጦታ ነበር።

በፊልሙ ዘመን ሠርገኛን ፎቶግራፍ መጠየቅ ገንዘብ መጠየቅም ነበር። በአንድ ጥቅልል ያለው 24 ወይም 36 ፎቶ ነው። ፊልሙን የገዛው፣ ያሳጠበው ባለካሜራው ነው። ስለዚህ ጨዋ ጠያቂ የማሳተሚያውን ከፍሎ ይወስዳል፤ ወይም ኔጋቲቩን ተውሶ፣ አሳትሞ ይመልሳል። ያልተመለሰ ኔጋቲቭ ያቀያየማቸው ዘመዳሞች ጥቂት አይደሉም። በ1986 የጃፓኑ ፉጂ ኩባንያ ተነስቶበት የሚጣለውን ካሜራ ሲያወጣ በውጭ አገር ሠርጎች ሌላ ዘዴ ተለመደ። ደጋሹ በየጠረጴዛው አንዳንድ ካሜራ ያስቀምጣል፤ እንግዳው አንስቶ እዚያው ትቶት ይሄዳል። ፊልሙ የደጋሹ ነውና ልመናም ይሉኝታም የለበትም።

የእጅ ስልክ ወጪውን አስቀረ፤ ይሉኝታውን ግን አላስቀረም። እንግዳው «ያነሳሁት አያምርም» ብሎ ያፍራል፤ ሙሽራው «ላስቸግር» ብሎ ይተዋል። በዚህ መሐል ስልኩ ይሰረቃል፣ ይሰበራል፣ ይሸጣል። «ሠርገኛ መጣ በርበሬ ቀንጥሱ» ይባላል ለዘገየ ሰው፤ ሠርገኛው ከሄደ በኋላ የሚቀነጥስማ ምን ሊባል ነው? እናም ከሠርጉ በፊት አንድ ሚዜ ወይም አንዲት እህት ለዚህ ሥራ ብትመደብ መልካም ነው። ሲጠየቅም «ያለህን ሁሉ ላክ» ከማለት «እትዬ፣ እማዬን ያነሷትን ቢሰጡኝ» ማለት ይሻላል። ስሙ የተጠራ ፎቶግራፍ ይገኛል፤ መርጦ የሚሰጥም ሰው አያፍርም። በቴሌግራም የሚላክ ከሆነ እንደ ፋይል ቢላክ ጥራቱ አይቀንስም። የድሮ የታተመ ፎቶግራፍ ሲሆን ደግሞ እዚያው ባለቤቱ ፊት ገልብጦ ወዲያው መመለስ ነው።

የቤተሰብ አልበሞችን ለሕዝብ ታሪክ የሰበሰቡም አሉ። በ2010 እ.ኤ.አ. በሃንጋሪ የተከፈተው ፎርቴፓን የተራ ሰዎችን አሮጌ ፎቶግራፎች ያሰባስባል። በእኛም ከተማ «ቪንቴጅ አዲስ አበባ» በሚል ስም የቤተሰብ ፎቶግራፎች ተሰብስበው በ2018 እ.ኤ.አ. በመጽሐፍ ወጥተዋል። ለአደባባይ ሲሆን ግን ከባለካሜራው ሌላ የተነሳውም ሰው ፈቃድ ይታሰብ። የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕጋችን በ27ኛው አንቀጽ የሰውን ፎቶግራፍ ያለፈቃዱ በአደባባይ ማሳየትን፣ ማባዛትንና መሸጥን ይከለክላል። በሚቀጥለው አንቀጽ፣ በሕዝብ ፊት ለተደረጉ ሥርዓቶችና ለመሳሰሉት ልዩ ሁኔታ ማስቀመጡም አይዘነጋም። ሕግ ፈቀደ ማለት ግን ጨዋነት ፈቀደ ማለት አይደለም። ሲጨፍር ነጠላው የወደቀበትን ሽማግሌ በየስልኩ ማዞር ፎቶግራፉን ከሰጠን ሰው ጋር ያቀያይማል፤ ሁለተኛም አይሰጠንም።

ይህ ሁሉ ጥንቃቄ ለምን? ለቅሶ ቤት የሚቆመውን በመስተዋት የተከበበ ፎቶግራፍ ልብ ብለን እንየው። ብዙ ጊዜ ከሰው ሠርግ ላይ ተቆርጦ የወጣ ነው፤ ትከሻው ላይ የማን እንደሆነ የማይታወቅ እጅ ይታያል። ሟቹ ለራሱ ብሎ ፎቶ ቤት ያልሄደ፣ በሰው ደስታ መሐል ግን አንድ ቀን ሲስቅ የተገኘ ሰው ነው። ዛሬ አንዱ ወንድም ዋሽንግተን፣ አንዷ እህት ቤሩት፣ አክስት ቴል አቪቭ በሆኑበት ጊዜ ያ ሣቅ በማን ስልክ ውስጥ እንዳለ ማን ያውቃል? ሰዎቹ በሕይወት እያሉ፣ ስማቸውንም የሚነግረን እያለ እንጠይቅ። ከተቀበልን በኋላም እንደ ጥንቱ ስሙንና ቀኑን እንጻፍበት፤ ማን እንዳነሳውም ጭምር።