ከአዲስ ዓለም እስከ ሀገረ ሕይወት፤ ስለ ሞክሼ ፊደላት

ከአዲስ አበባ ተነሥቶ ወደ አምቦ የሚጓዝ ሰው በመንገዱ ሦስት የተስፋ ስሞችን ያገኛል፤ ሆለታ ገነት፥ አዲስ ዓለም፥ በመጨረሻም በንጉሠ ነገሥቱ ዘመን ለአምቦ የተሰጠውን ሀገረ ሕይወትን። ስሞቹን ለመጥራት ችግር የለም፤ ችግሩ የሚጀምረው ብዕር ሲነሣ ነው።

«ሀገር» በሃሌታው ሀ፥ «ሕይወት» በሐመሩ ሐ ይጻፋል። ዛሬ በአማርኛ አንድ ድምፅ የሆኑት እነዚህ ሞክሼዎች በጥንቱ ግእዝ የተለያየ ድምፅ ነበራቸው፤ ትግርኛ ሐመሩን እስከ ዛሬ ለይቶ ይጠራዋል። ልዩነቱም ከንቱ ጌጥ አይደለም። «መሀረ» አስተማረ ሲሆን፥ «መሐረ» ይቅር አለ ማለት ነው። መምህርንና ምሕረትን የምትለያቸው ይህች ፊደል ናት፤ ተማሪ ሁሉ ግን ሁለቱ በአንድ ሰው ቢገናኙለት በወደደ ነበር።

የንጉሡ ሠና የእሳቱ ሰ ነገር ከዚህ ይብሳል። «ሠረቀ» ወጣ ማለት ነውና ፀሐይ የምትወጣበት ወገን ምሥራቅ ተባለ፤ «ሰረቀ» ግን የሌባ ሥራ ነው። እንግዲህ «ምስራቅ ሸዋ» ብሎ የሚጽፍ ሰው ሳያስበው አገሩን የስርቆት ቦታ አሰኘው። የእኛው ምዕራብ ሸዋ ከዚህ ነቀፌታ ነጻ ነው፤ ስሙ ጠለቀ፥ ገባ ከሚለው «ዐረበ» የወጣ ነውና።

ወደ አዲስ ዓለም እንመለስ። ዐፄ ምኒልክ በ1893 ዓ.ም. ገደማ በአዲስ አበባ የማገዶ እንጨት ቢመናመን፥ ዋና ከተማቸውን ወደዚያ ለማዛወር አስበው ቤተ መንግሥት ማሠራት ጀምረው ነበር። ባሕር ዛፍ በመስፋፋቱ አሳቡ ቀረ፤ ሕንፃውም ደብረ ጽዮን ማርያም ቤተ ክርስቲያን ሆነ። በዚያ ደጅ ቆሞ «ሰአሊ» የሚል ምእመን ለምኚ ማለቱ ነው፤ «ሠዓሊ» ብሎ የጻፈ እንደሆነ ግን ሥዕል የሚሥል ባለሙያ ጠራ።

የከተማይቱ ስም ራሱ ያከራክራል። የግእዙ ቃል «ሐዲስ» ነው፤ በ1948 ዓ.ም. የታተመው የአለቃ ኪዳነ ወልድ ክፍሌ መዝገበ ቃላትም በርእሱ ላይ ይህንኑ ይዟል። ያንን መጽሐፍ ለኅትመት ያበቁት ደቀ መዝሙራቸው አለቃ ደስታ ተክለ ወልድ፥ በ1962 ዓ.ም. የራሳቸውን ያማርኛ መዝገበ ቃላት ሲያወጡ በዐይኑ «ዐዲስ» አሉት። ሕዝቡ ደግሞ በአልፋው «አዲስ» ይጽፋል።

ሞክሼዎቹ ለሕፃናት ሸክም ናቸውና ይቀነሱ የሚሉት ሰዎች ክርክር ቀላል አይደለም፤ የዕለት ጽሑፍ አንባቢ ነገሩን ከዐረፍተ ነገሩ ይረዳዋል። ይሁን እንጂ የተቀነሰችው ፊደል የቃሉን ዘር ይዛ እንደምትሄድ ሊዘነጋ አይገባም፤ በእኔ አሳብ ከግእዝ የመጣው ቃል ፊደሉን ቢጠብቅ ይሻላል።

ሀገረ ሕይወት የሚለው ስም ቀርቶ አምቦ ሲጸና፥ ለጸሐፊው አንድ ጥያቄ ብቻ ቀረለት፤ አልፋው ነው ወይስ ዐይኑ? ስሙ የግእዝ ዘር የለውምና አልፋው ይበቃዋል።