«ሀ» ስንት ቢት ናት?

ተማሪዎች የኮምፒውተር ፈተና ሲደርስባቸው የሚሸመድዷት ነገር አለች። «ዳታ ማለት ያልተደራጀ ጥሬ ነገር ነው፤ መረጃ ማለት የተደራጀ ዳታ ነው፤ ቢት ማለት ትንሿ የዳታ መለኪያ ናት፤ ስምንት ቢት አንድ ባይት ይሆናል።» ልክ ነው፣ አይካድም። ግን እንደ ዳዊት የሚደገም ነው። አንዱን የሰፈራችንን ልጅ «ታዲያ ሀ ስንት ቢት ናት?» ብለው «እሷ ፈተና ላይ አትመጣም» አለኝ። የሚያስቆጨኝ ይሄ ነው። ልጁ የሚሸመድዳቸው ቃላት ሀሁን ራሱን አጣብቂኝ ውስጥ ከተው ያወጡ ናቸው፤ የተማራቸው ግን ፊደሉ በደጃቸው አልፎ የማያውቅ ይመስል ነው።

ዳዊትን ካነሳን አይቀር፣ በግዕዝ ፊደል የታተመው የመጀመሪያው መጽሐፍም ዳዊት ነው። እ.ኤ.አ. በ1513 ሮም ላይ ዮሐንስ ፖትከን የሚባል ጀርመናዊ፣ እዚያው ከነበሩ ኢትዮጵያውያን ተምሮ አሳተመው። ለአታሚ የፊደል ብዛት ድካም እንጂ እንቅፋት አይደለም። ሦስት መቶ ፊደል ካለ ሦስት መቶ የብረት ቅርጽ ያስቀርጻል፣ አለቀ። ጣጣው የመጣው ከጽሕፈት መኪና ጋር ነው። መኪናው ያለው አርባ ምናምን ቁልፍ ነው፤ በየቁልፉ ሁለት ሁለት ቅርጽ ቢሰፍርበት ዘጠና ቢሆን ነው። የእኛ ፊደል ደግሞ 33ቱ በ7 ሲባዛ 231 ይመጣል። እነ ሏን፣ እነ ቋን፣ የግዕዝ ቁጥሮችንና ነጥቦቹን ስትጨምሩበት ወደ ሦስት መቶ ይጠጋል።

ኢንጂነር አያና ብሩ ናቸው የአማርኛ ጽሕፈት መኪና በመሥራት ስማቸው የሚነሳው። በየቢሮው ሲንኳኳ የኖረው የአማርኛ ታይፕ መላው ፊደሉን ቆራርጦ መገጣጠም ነበር፤ አካሉን መትቶ፣ ወደ ኋላ መለስ ብሎ ቅጥያውን መለጠፍ። የድሮ የመንግሥት ደብዳቤ ያየ ሰው ያውቀዋል፤ የካዕቡ ጭራ ከእግሩ ተነጥሎ አየር ላይ ተንጠልጥሎ ይታያል። በዚያ መኪና ገጽ ሙሉ ደብዳቤ ሳይሳሳቱ ይመቱ የነበሩት ጸሐፊዎች ማንም ያልሸለማቸው ባለሙያዎች ናቸው።

ፊደል ይቀነስ የሚለው ክርክርም በዚያ ዘመን ደምቆ ነበር። አንዳንዱ መኪናውን እያሰበ፣ ሌላው የድምፁን መደጋገም እያነሳ። ሐዲስ ዓለማየሁ «ፍቅር እስከ መቃብር»ን በ1958 ዓ.ም. ሲያሳትሙ ድምፃቸው የሚደጋገመውን ፊደላት ትተው፣ ለምን እንደተዉም አስረድተው ነው። እኔ በበኩሌ ለመኪና ተብሎ ፊደል መቀነስ አይዋጥልኝም። ጫማው ጠበበ ተብሎ ጣት አይቆረጥም። የሐዲስ ክርክር ግን ሌላ ነበር፤ ወደ ኋላ ላይ ደግሞ ኮምፒውተሩ ራሱ ያነሳዋል።

አሁን ወደ ቢት እንምጣ። ሳሎን ያለውን የመብራት ማብሪያ ማጥፊያ አስቡት። ወይ በርቷል፣ ወይ ጠፍቷል። አንድ ቢት ማለት እሱ ነው። ሁለት ማብሪያ አራት ዓይነት ሁኔታ ይሰጣል፣ ሰባት 128፣ ስምንት 256። ኮምፒውተር ፊደል አያውቅም፤ የሚያውቀው የትኛው ማብሪያ እንደበራ ነው። ስለዚህ ሰዎች ተስማምተው «ይህ ቁጥር ይህ ፊደል ይሁን» ማለት አለባቸው። አሜሪካኖች እ.ኤ.አ. በ1963 አስኪ የሚባለውን ስምምነት ሲያወጡ ሰባት ማብሪያ በቂያቸው ነበር። ትልቁም ትንሹም ተደምሮ ፊደላቸው 52 ነው፤ ቁጥሩና ነጥቡ ሲጨመር 128ቱ ክፍል ተርፎ ይበቃል። ስምንተኛው ቢት ሲመጣ ሌላ 128 ክፍል ተከፈተ። የእኛ 231 በዚያ አይገባም።

እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹና በ1990ዎቹ የአማርኛ ፕሮግራም የሠሩ ሰዎች የተጋፈጡት ይህንን ነው። አንዱ ፊደሉን ለሁለት ለሦስት ፎንት ከፋፈለው፤ ሌላው እንደ ታይፑ ከቁርጥራጭ ገጣጠመው። ፓወር ግዕዝ፣ ቪዥዋል ግዕዝ፣ ሌሎችም መጡ። ጥፋቱ ሁሉም የየራሱን ቁጥር መስጠቱ ነበር። የአንዱ ሀ የሌላው መ ሆነች። በዚያ ዘመን አንድ ጽሑፌን በዲስኬት ይዤ ወደ አንድ ማተሚያ ቤት ሄድኩ። ሲከፈት የፈረንጅ ፊደልና የምልክት ድብልቅልቅ ሆኖ ቁጭ አለ። ልጁ አየት አደረገኝና «በምንድነው የጻፉት?» አለኝ። በአማርኛ ነዋ!

ያ ግርግር የተፈታው በዩኒኮድ ነው። ጆ ቤከር የተባለ አሜሪካዊ እ.ኤ.አ. በ1988 ሐሳቡን ሲያቀርብ፣ የዓለም ፊደል ሁሉ ለየራሱ የማይደገም ቁጥር ይኑረው ነበር ያለው። ግዕዝ እ.ኤ.አ. በ1999 በዩኒኮድ 3.0 ገባ። በዚህ ሥራ እነ ዳንኤል ያዕቆብ ብዙ ደክመዋል። ከዚያ ወዲህ ሀ 4608 ናት፤ አዲስ አበባም ሆነ ዋሽንግተን። ለ 4616 ነው፤ ለእያንዳንዱ ረድፍ ስምንት ስምንት ቦታ ተትቶ፣ የአባቶች የፊደል ገበታ እንዳለ ቁጥር ላይ ተዘርግቷል። እ.ኤ.አ. በ2007 ለገበያ የቀረበው ዊንዶውስ ቪስታም ኒያላ የተባለ የግዕዝ ፎንት ይዞ መጣ፤ ስሙን ከደጋው አጋዘናችን ወስዶ። በ2005፣ በ2010 እና በ2021 ደግሞ የጉራጌ፣ የጉሙዝና የሌሎችም ቋንቋዎች ፊደላት ተጨመሩ።

በነፃ ግን አልተገኘም። አንድ የስልክ አጭር መልእክት 140 ባይት ነው። በላቲን ፊደል፣ ፊደሉ በሰባት ቢት ስለሚሰፍር፣ 160 ፊደል ይይዛል። ሀ ግን አሥራ ስድስት ቢት ትፈልጋለችና በአማርኛ 70 ብቻ። ስንቱ ሰው «ሰላም ነህ ወይ»ን በላቲን ፊደል ሲጽፍ የኖረው ስልኩ ግዕዝ ስለማያውቅ ብቻ አይደለም፤ ሒሳቡም አለ። ኢንተርኔት ላይ በተለመደው አጻጻፍ ደግሞ ሀ ሦስት ባይት፣ ማለትም 24 ቢት ትይዛለች። የሰፈራችን ልጅ ይስማ።

ወደ ሐዲስ ክርክር ልመለስ። ዩኒኮድ ሀን 4608፣ ሐን 4624፣ ኀን 4736 ብሎ ለየብቻ አስቀመጣቸው። ታሪክ ለሚያጠና፣ የብራና መጽሐፍ ለሚገለብጥ መልካም ነው። ማሽኑ ግን ድምፅ አይሰማም፣ ቁጥር ነው የሚያየው። «ፀሐይ»ን ውሰዱ። መጀመሪያዋ ፀ ወይም ጸ፤ መካከሏ ሀ፣ ሃ፣ ሐ፣ ሓ፣ ኀ ወይም ኃ። ሁለት ጊዜ ስድስት፣ አሥራ ሁለት ዓይነት ጽሕፈት፣ አንድ ንባብ። ለኮምፒውተሩ አሥራ ሁለት የተለያዩ ሰዎች ናቸው። ሲፈለግ እነዚህን ፊደላት እንደ አንድ የሚቆጥር፣ ሲጻፍ ግን እንዳሉ የሚተዋቸው ፕሮግራም መሥራት አይከብድም፤ ብዙ ቦታ ግን አልተሠራም።

አንዲት ጎረቤቴ በስማቸው ውስጥ ፀሐይ አለች። የጡረታ ፋይላቸውን ሊያስፈልጉ አንድ ቢሮ ሲሄዱ አብሬያቸው ሄድኩ። ልጅቷ ስማቸውን ጻፈች፣ ፈለገች፣ «እማማ፣ እዚህ የሉም» አለች። ሠላሳ ዓመት ያገለገሉ ሴትዮ፣ የተደራጀው ዳታ ያወጣው መረጃ «የሉም» ነው። እሳቸው ወንበሩ ላይ ተቀመጡ። «እስቲ በሌላ ሐ ሞክሪው» አልኳት። በሐመሩ ሐ፣ በብዙኃኑ ኀ፣ በፀሐዩ ፀ እያፈራረቀች ሞከረች። በስድስተኛው ወጡ፤ በጸሎቱ ጸ እና በሃሌታው ሃ ነበሩ።