በሞቱ ዋጋ

ውሎዬ ባንክ ቤት ስለሆነ «ገዛ» የሚለውን ግስ ቀኑን ሙሉ ስጽፈው እውላለሁ። ሰሞኑን ግን ማታ ማታ ይኸው ግስ በአንድ ጥንታዊ የግሪክ የድል መወድስ ውስጥ መንገድ ዘግቶብኝ ሰነበተ።

ባለቅኔው ፒንዳር ነው። ከክርስቶስ ልደት 490 ዓመት በፊት፣ በደልፊ በተካሄደው ውድድር፣ የአክራጋስ (ሲሲሊ) ሰው የሆነው ዜኖክራጥስ በሠረገላ አሸነፈ። ፒንዳር ስለ ውድድሩ ሂደት አይተርክም። የሚያናግረውም አሸናፊውን ሳይሆን ልጁን ትራሲቡሎስን ነው፤ ከዚያም በድንገት ወደ ትሮይ ጦርነት ይሻገራል።

በዚያ የሽማግሌው ንጉሥ የኔስቶር ፈረስ በፓሪስ ቀስት ተመትቶ ሠረገላው ቆሟል። የኢትዮጵያውያን የጦር አለቃ ሜምኖን ጦሩን ሰብቆ ይመጣበታል። ሽማግሌው በድንጋጤ ልጁን ይጣራል፤ ልጁ አንቲሎኮስም ደርሶ ከፊቱ ይቆማል። አባት ተረፈ፤ ልጅ ሞተ። ስለ ድል በተገጠመ መወድስ መካከል መንቀሳቀስ ያቃተው ሠረገላ መግባቱ ሁልጊዜ ይገርመኛል። ፒንዳር ግን የፈለገው የልጅን ፍቅር ነው፤ በዘመኑ ወደ አንቲሎኮስ የቀረበ ልጅ ቢኖር ትራሲቡሎስ ነው ይለናል።

ታዲያ አንቲሎኮስ የአባቱን መትረፍ በሞቱ «ገዛ» ይለዋል፤ የገበያ ቃል ነው። ግሪክኛ አላነብም፤ የምሠራው ከእንግሊዝኛ ትርጉሞችና ከመዝገበ ቃላት ነው። በአማርኛ «ገዛ» ብቻ ካልሁ ልጁ በአባቱ ላይ የነገሠ ይመስላል። «ዋጀ» አልሁት። ያማረ ቃል ነው፤ ነገር ግን በቅዳሴ ያደገ ጆሮ ወዲያው መስቀሉን ያያል። «ቤዛ ሆነ» ብልም ያው ነው። በመጨረሻ «በሞቱ ዋጋ ገዛ» ብዬ ተውሁት፤ «ዋጋ» የምትለው ቃል ንግሥናውን ከግሱ ላይ አነሣችልኝ።

ሌላው ፈተናዬ ሜምኖን ነበር። የንጋት ልጅ የተባለው ይህ ንጉሥ በሌሎቹም የፒንዳር መወድሶች ይነሣል፤ ዘወትር ማለት ይቻላል፣ በአኪሌስ እጅ የሚወድቅ ታላቅ ጠላት ሆኖ። የጥንት ግሪኮች «ኢትዮጵያውያን» የሚሉት በዓለም ዳርቻ፣ በፀሐይ መውጫና ከግብፅ በስተ ደቡብ ይኖራሉ ያሏቸውን ጠይም ሕዝቦች ስለነበር ስሙን ከዛሬይቱ ሀገራችን ጋር አንድ አድርጎ መውሰድ ስሕተት ነው። ይህን እያወቅሁም በመጀመሪያው ረቂቄ ላይ ስሙን ዘልዬ «የሩቅ ሀገር አለቃ» ብዬ ነበር። የአንድን ልጅ ደም ያፈሰሰው እጅ በእኛ ስም መጠራቱ ሳይከነክነኝ አልቀረም።

ኋላ ስመለከተው ያፈረስሁት የፒንዳርን ሚዛን ሆኖ አገኘሁት። እርሱ ሜምኖንን አያሳንሰውም፤ ገዳዩ ተራ ወታደር ቢሆን አንቲሎኮስ የከፈለውም ዋጋ ይረክስ ነበር። «የሩቅ ሀገር»ን ሰረዝሁና «የኢትዮጵያውያን የጦር አለቃ» ብዬ መልሼ ጻፍሁት።