ራሱን የማይመርዘው ኢንዛይም

ባዮኬሚስትሪ የተማራችሁ ኤቲሊንን አትረሷትም፤ ሁለት ካርቦንና አራት ሃይድሮጅን ብቻ ያላት፣ ፍሬ የምታበስል ጋዝ ናት። በዝግ ክፍል ላምባ እያጨሱ ሙዝ የሚያበስሉ ነጋዴዎቻችንም ስሟን ሳይጠሩ የሚገለገሉት በእሷው ነው። ተክሉ ራሱ እንዴት እንደሚሠራት ማወቅ ግን ብዙ አስለፍቷል።

እ.ኤ.አ. በ1901 ሴንት ፒተርስበርግ ውስጥ ነልዩቦቭ፣ በላቦራቶሪው የአተር ቡቃያዎችን የሚያጣምማቸው በመብራት ጋዝ ውስጥ ያለ ኤቲሊን መሆኑን አሳየ። በ1934 ጌን፣ የሚበስል ፖም ራሱ ጋዙን እንደሚያወጣ አረጋገጠ። በ1979 ደግሞ ካሊፎርኒያ፣ ዴቪስ ላይ አዳምስና ሻንግ ፋ ያንግ ኤቲሊን በቀጥታ የምትወጣበትን ውህድ፣ ኤሲሲን፣ ለዩ።

ከዚያ በኋላ ነገሩ ቆመ። ኤሲሲን ወደ ኤቲሊን የሚለውጠው ኢንዛይም ህዋሱ ሲፈጭ ሥራውን ያቆማል። ብዙዎች ከህዋስ ሽፋን ጋር የተጣበቀ ስለሆነ ነው አሉ። ፍንጩ የመጣው ከቲማቲም ዘረ መል ነው፤ ዘረ መሉ የአበባ ቀለም ሥራ ላይ ያለ፣ ብረትና ቫይታሚን ሲ የሚፈልግ ሌላ ኢንዛይምን ይመስል ነበር። በ1991 ቬርቬሪዲስና ጆን ከሜሎን ፍሬ ባወጡት ፈሳሽ ላይ ሁለቱን ጨመሩ፤ ኢንዛይሙም ሠራ። ለካ ያን ሁሉ ዓመት የጎደለው ትንሽ ብረትና ቫይታሚን ኖሯል!

ለእኔ ትልቁ እንቆቅልሽ ግን ሌላ ነው። ኤሲሲ ሲሰበር ከኤቲሊን ጋር ካርቦን ዳይኦክሳይድና ሳያናይድ ይወጣሉ። ሳያናይድ ደግሞ ብረት ካገኘ አይለቅም። ታዲያ ይህ ኢንዛይም ብረቱን ይዞ እንዴት ይተርፋል? ተክሉ ሳያናይዱን ወደ አሚኖ አሲድ የሚቀይርበት መንገድ አለው፤ ይህ የሚሆነው ግን መርዙ ከብረቱ አጠገብ ከራቀ በኋላ ነው።

በ2004 የፔቱንያ ኢንዛይም ቅርጽ በክሪስታል ከታየ ወዲህ ኬሚስቶች የብረቱን ጓዳ በኮምፒውተር ማስላት ቻሉ። በ2014 ካናዳ ውስጥ የክላይበርን ቡድን ያተኮረው ሳያኖፎርሜት ላይ ነበር፤ ይህ ሳያናይድና ካርቦን ዳይኦክሳይድ ገና ሳይለያዩ ያሉበት ቅንጣት ነው። ስሌቱ እንዳሳየው ሳያኖፎርሜት ውሃ በማይበዛበት ቦታ ሳይፈርስ ይቆያል፤ ውሃ ውስጥ ሲገባ ይፈርሳል። እንግዲህ መርዙ ተጠቅልሎ ከጓዳው ይወጣል፣ የሚፈታውም ደጅ ነው። ቡድኑ በስሌት ብቻ አላበቃም፤ የቅንጣቱን ጨው በክሪስታል ሠርቶ አሳየ። ስሌቱን እንዳምነው ያደረገኝ ይህ ነው።

ኢንዛይሙ ያለ ባይካርቦኔት በደንብ አይሠራም። ባይካርቦኔቱ እዚያ ጓዳ ውስጥ በትክክል የቱ ቦታ ላይ ቆሞ ምን እንደሚያደርግ ግን እስካሁን ያከራክራል።