በወዲያኛው ጫፍ ያለው ሰው

ሕመምተኛ ቤቱ ተለይቶ እንደተቀመጠ ትንፋሹንና የልብ ምቱን ከሩቅ መከታተል ኮሮና ያመጣው ነገር ይመስላል፤ ሥራው ግን ከመቶ ዓመት በላይ ያስቆጠረ ነው። እ.ኤ.አ. በ1905 የኔዘርላንድሱ ሐኪም ዊለም አይንትሆቨን የልብን ኤሌክትሪክ በትክክል የሚመዘግብ መሣሪያ ነበረው። መሣሪያው 270 ኪሎ ያህል ስለሚመዝን ወደ ሕሙማኑ መውሰድ አይታሰብም ነበር። ስለዚህ ሕሙማኑ ላይደን ሆስፒታል ሳሉ የልባቸው ሞገድ በስልክ ሽቦ 1.5 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ ቤተ ሙከራው ደረሰ። ሽቦው የጠቀመው፣ የመጣለትን ሞገድ ማንበብ የሚችል ሰው በወዲያኛው ጫፍ ስለነበረ ነው። ታሪኩ የመሣሪያዎች ታሪክ ሆኖ ሲተረክ የሚረሳው ይህ ሰው ነው።

የቤት ክትትል ያለ ኤሌክትሮኒክ ዕቃም እንደሚሠራ የሕንዷ ማድራስ አሳይታለች። እ.ኤ.አ. በ1956 የተጀመረ ጥናት የሳንባ ነቀርሳ ሕሙማንን ለሁለት ከፍሎ፣ ገሚሱን ሳናቶሪየም በሚባል የነቀርሳ ማከሚያ፣ ገሚሱን በተጨናነቀና ድሃ ቤታቸው ለአንድ ዓመት አከመ። በ1959 የታተመው ውጤት ተቀራራቢ ነበር፤ ቤት የታከሙት ሕሙማን ቤተሰቦችም ከሌሎቹ የበለጠ አልተያዙም። ያዳናቸው መድኃኒቱ ነው ቢባል እውነት ነው። ነገር ግን መድኃኒቱ ለሁለቱም ወገን ተሰጥቷል፤ አልጋና ነርስ በሌለበት ቤት ሕክምናው እንዳይቋረጥ ያደረገው በየቤቱ እየዞረ የሚጠይቅ ባለሙያ ነው።

ጃፓናዊው መሐንዲስ ታኩዎ አኦያጊ እ.ኤ.አ. በ1974 የደምን ኦክስጅን ያለ መርፌ በብርሃን የሚለካ ዘዴ ይፋ አደረገ። የዘዴውን ጥቅም ማሳነስ አይገባም። ኮሮና የያዛቸው አንዳንድ ሰዎች ትንፋሽ ሳያጥራቸው ኦክስጅናቸው ይወርድ ነበር፤ ይህን የአስታማሚ ዓይን አያየውም። እንግሊዝ በ2020 መጨረሻ በዚህ ዘዴ የሚሠራ የጣት መለኪያ ለሕሙማን አድላ በቀን ሦስት ጊዜ እንዲመዘግቡ፣ 92 በመቶና ከዚያ በታች ከሆነ አምቡላንስ እንዲጠሩ ያደረገችው በዚህ ምክንያት ነው።

ታዲያ መለኪያውን ማደል ብቻውን አይበቃም? በፔንስልቬንያ ከ2,000 በላይ የኮሮና ሕሙማን የተሳተፉበት፣ በ2022 የታተመ ጥናት ለዚህ መልስ አለው። ሁሉም በስልክ መልእክት ትንፋሻቸው እንዴት እንደሆነ በየቀኑ ይጠየቃሉ፤ የባሰበትን ነርስ ትደውልለታለች። ለገሚሱ የጣት መለኪያ ተጨመረለት። በ30 ቀን ውስጥ በሕይወትና ከሆስፒታል ውጭ ባሳለፏቸው ቀናት ግን ልዩነት አልታየም። እኔ ከዚህ የምረዳው መለኪያው ከንቱ መሆኑን አይደለም፤ ጠያቂና መልስ ሰጪ ባለበት ቤት የሚጨምረው ጥቂት መሆኑን ነው። ጥናቱ ነርስ ስለሌለበት ቤት አይናገርም የሚል መቃወሚያ ይነሳል፤ ትክክል ነው። ግን በዚያ ቤት ቁጥሩ ቢወርድ ማን ይጠራል? በምን መኪና ይሄዳል?

ቁጥሩ ራሱም ሁልጊዜ አይታመንም። በ2020 በአሜሪካ የወጣ ጥናት፣ መለኪያው ከ92 እስከ 96 በመቶ ባሳየበት ጊዜ እውነተኛው መጠን ከ88 በታች ሆኖ የተገኘው በነጮች ላይ 3.6 በመቶ፣ በጥቁሮች ላይ 11.7 በመቶ እንደነበር አሳይቷል። ይህ አዲስ አበባ ያለውንም፣ ዋሽንግተን ያለውንም ወገናችንን በቀጥታ ይነካል። መለኪያው 94 ሲል መጠበቅ ወይም ወደ ሆስፒታል መሄድ እንዳለበት የሚለየው፣ የትናንቱን ቁጥር ከዛሬው አስተያይቶ፣ በሽተኛው ከአልጋው ተነስቶ ጥቂት ሲራመድ የሚሆነውን የሚጠይቅ ሰው ነው፤ ለመለኪያው መግዣ ገንዘብ ሲመደብ ለዚህ ሰው ደመወዝም አብሮ መመደብ አለበት።